ግራ ኪስ

ነገ ፈተና ነው፤ መብራት ዛሬም ሄዷል፤
ደብተሬ ላብ ጠጥቶ ገጽ ከገጽ ተጣብቋል፤
ግንቦት ነው፤ ሳቢያን ላይ ቆርቆሮው ይንጣጣል።
«ሉላዊነት ምንድን ነው? በምሳሌ አብራራ» ይላል
ያምናው ጥያቄ። ሃያ ነጥብ ይይዛል።

መምህራችን ቀስት ይወዳሉ፤
«ካፒታል ወደዚህ፣ ጉልበት ወደዚያ» እያሉ
ከቻይና፣ ከሕንድ፣ ከቬትናም ይስላሉ፤
ቀስቱ ድሬ ሲደርስ ጠመኔው ያልቅና
እጃቸውን አራግፈው ይወጣሉ።

እኔ የማውቀው ቀስት ለገሃር ግቢ ያለው ሐዲድ ነው፤
ፍየል ከፉርጎ ሥር የምትተኛበት፣ ሣር የዋጠው።
አባቴን ሰፈሩ «ሙሴ በዳሳ» ይለዋል፤
ሠላሳ ዓመት ባቡር ጠግኗል፤
አመሻሽ፣ ነፋስ ሲመጣ፣ ከኒሙ ሥር ይቀመጣል፤
ከጡረተኞች ጋር በቆርኪ ዳማ ይጫወታል፤
ሲሸነፍ በፈረንሳይኛ ይሳደባል፣
ሲያሸንፍ በኦሮምኛ ይመርቃል።
አዲሱን ባቡር አይወደውም፦
«በሩቅ ያልፋል እንጂ ከተማ አይገባም፤
አቦ! ምን ዓይነት እንግዳ ነው፣
ደጃፍ አልፎ ሰላም የማይል?»

«ሙሴ፣ ሉላዊነት ምን ማለት ነው?» አልኩት።
«እኛ ነበርን» አለ፤ «ግሪኩ ዳቦ ጋግሮ፣
የመናዊው ጨርቅ ቸርችሮ፣ አርመኑ ወርቅ አንጥሮ፣
እኛ ብረት ቀጥቅጠን። ስም አላወጣንለትም፤
ስም የወጣለት ዕለት ደግሞ
ለድግሱ አልተጠራንም።»
«ባቡሩስ የማን ነበር?»
አንድ ቆርኪ በላና ዝም አለ።

እህቴ ኢፍቱ መልካ ጀብዱ ትሰፋለች፤
ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ሰርቪስ ላይ ትወጣለች።
ሱሪ አይደለም የምትሰፋው፤
ኪስ ነው፤ ኪስም ግራውን ብቻ።
ቀኙ የሌላ ልጅ ነው፤ ዚፑ የሌላ፤
ቁልፉ ጋ ስሟን የማታውቃት አለች።
«ሦስት ዓመት ሠርቼ ሙሉ ሱሪ አላየሁም» ትላለች፤
«በቀን ስድስት መቶ ኪስ!
የማስገባበት ሞልቶ፣ የማስገባው አላገኘሁም።»
አንድ አመል አላት፦ ትዕዛዙ ጥጉን ሁለቴ መርገጥ ነው፤
እሷ መርፌውን መልሳ ሦስተኛ ትጨምራለች፤
የወፍ እግር የምታክል ምልክት ትቀራለች።
«ማን ያይልሻል?» ብላት፣
«እኔ» አለችኝ።

ዛሬ፣ ሱቆቹ ለበርጫ ሊዘጉ ሲሉ፣
ታይዋን ገበያ ገባሁ፤ ለነገ ሱሪ ፍለጋ።
ሪዝቂያ አዲሱን ቦንዳ በቢላዋ ቀደደችው፤
የማናውቀው ሰው ቁም ሣጥን ሽታ
ሙቀቱ ላይ ተዘረገፈ።
«ምረጥ አቦ! የአውሮፓ ነው!
እንደዚህ አገር መሰለህ ስፌቱ?»
አንዱን አነሳሁ። ጉልበቱ ነጥቷል፤
አንድ ሰው ብዙ ተንበርክኮበታል።
እጄን ግራ ኪሱ ውስጥ ሰደድኩ፤
ጥጉ ላይ ጣቴ ቆመ።

የወፍ እግር።

ከመልካ ጀብዱ እስከዚህ
ባጃጅ ለመቼው ያደርሳል።
እሱ ግን ባሕር ተሻግሮ፣
ሌላ ሰው አርጅቶበት፣ ታጥቦ፣ ተመዝኖ፣ ተጠፍሮ
ነው የመጣው፤ እኔ ጋ ለመድረስ።
«ስንት?»
«አራት መቶ።»
በእህቴ ስፌት ላይ ዋጋ ተከራከርኩ፤
ሃምሳ ብር አስቀነስኩ፤
ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ አፈርኩ።

ማታ ለኢፍቱ ዘረጋሁላት።
ኪሱን አልነካችም፤ ወገቡን ይዛ
ብድግ አድርጋ በሻማው ፊት አንጠለጠለችው፤
ከላይ እስከ ታች አየችው።
«ለካ እንዲህ ነው» አለች።
ከዚያ ወደ ቀኝ ዞራ፦ «ይቺ ልጅ ግን ታጣምማለች!»
እስኪያንቃት ሳቀች፤
እራት ሳይቀርብ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሻማው አልቋል። «በምሳሌ አብራራ።»
መልሱ ወንበር ላይ ተጥሏል፤
ነጥብ ያሰጥ እንደሆን አላውቅም።
ነገ እሱን ለብሼ እገባለሁ፤
ግራ የገባኝ እንደሆን
እጄን እዚያ እከታለሁ።